ደስታ በማን ዕዳ? የሲግሪድ ኡንሴት ሕይወትና ድርሰት

አንዲት ወጣት እናት በባዶ እግሯ ትጓዛለች። መነሻዋ ሁሳቢ የሚባል የባላባት ርስት ነው፤ መድረሻዋ ደግሞ የቅዱስ ኦላቭ አፅም ያረፈበት የኒዳሮስ ካቴድራል፣ ዛሬ ትሮንድሄይም በምትባለው ከተማ። የበኩር ልጇን ይዛለች። ከልጇ ጋር በሠርጓ ቀን የደፋችውን የወርቅ አክሊል ይዛለች። ተሳላሚዎች ቤተ መቅደሱን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚያዩበት ኮረብታ ላይ ስትደርስ እንባዋ ይፈስሳል። ያ አክሊል ለድንግል ሙሽራ የሚገባ ነበር፤ እሷ ግን በሠርጓ ዕለት ነፍሰ ጡር ነበረች። ደግ እጮኛዋን ትታለች፣ የአባቷን ቃል አስበልታለች፣ በእሷ ፍቅር የተነሳ የሌላ ሴት ሕይወት ጠፍቷል። አሁን አክሊሉን በቅዱሱ መቃብር ላይ ልታስረክብ መጥታለች።

ይህች ሴት ክሪስቲን ላቭራንስዳተር ናት፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ኖርዌይ የምትኖር የልብ ወለድ ሰው። ይህን ጉዞ የጻፈችው ደራሲ ሲግሪድ ኡንሴት ግን በዚያን ጊዜ አርባ ዓመት ያልሞላት፣ ከባሏ የተለያየች፣ ሦስት ልጆች የምታሳድግ እናት ነበረች። በሊልሃመር ከተማ ቀን ቀን ቤቷን ታስተዳድራለች፤ ልጆቹ ሲተኙ በቡናና በሲጋራ እንቅልፏን እያባረረች ትጽፋለች። ከእነዚያ ሌሊቶች በ1920፣ በ1921 እና በ1922 በተከታታይ የታተሙ ሦስት ወፋፍራም መጻሕፍት ወጡ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1928 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ሲሰጣት፣ ኮሚቴው በዋናነት የጠቀሰው የሰሜኑን ዓለም የመካከለኛ ዘመን ኑሮ በብርቱ መሳሏን ነው። ከእሷ በፊት ይህን ሽልማት ያገኙ ሴቶች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ስዊድናዊቷ ሰልማ ላገርሎፍ እና ጣልያናዊቷ ግራትሲያ ዴሌዳ።

ብዙ ሰው ኡንሴትን የታሪካዊ ልብ ወለድ ጸሐፊ ብሎ ያልፋታል። እኔ እንደማነባት ግን የድርሰቷ ሁሉ እምብርት አንድ ጥያቄ ነው፦ ሰው የራሱን ደስታ ሲመርጥ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? ጥያቄውን ከመጻሕፍት አልተማረችውም። ኖራበታለች።

የተወለደችው ሜይ 20 ቀን 1882 በእናቷ አገር በዴንማርክ፣ ካሉንድቦርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ሁለት ዓመት ሲሆናት ቤተሰቡ ወደ ኖርዌይ ዋና ከተማ፣ ያኔ ክሪስቲያኒያ ትባል ወደነበረችው ኦስሎ ተዛወረ። አባቷ ኢንግቫልድ ኡንሴት በሰሜን አውሮፓ የብረት ዘመን ላይ ባደረገው ጥናት የታወቀ የአርኪዮሎጂ ሊቅ ነበር። ሲግሪድ በልጅነቷ ከትሮይ ቁፋሮ የተገኘች የሸክላ ፈረስ በእጇ እንድትይዝ ይፈቀድላት ነበር። ሌላው ልጅ በአሻንጉሊት ሲጫወት እሷ የሺህ ዓመታት ዕድሜ ያለውን ዕቃ እየዳሰሰች አደገች፤ ያለፈው ዘመን ለእሷ እንደ ጎረቤት ቤት የቀረበ የሆነው ከዚያ ጀምሮ ይመስለኛል።

አባቷ ግን ታማሚ ነበር። በመጨረሻው ሰሞን ልጁ አጠገቡ ተቀምጣ ሳጋ የሚባለውን የጥንት አይስላንዳውያን ትረካ ጮክ ብላ ታነብለት ነበር። በ1893 ሲሞት አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። በአሥር ዓመቷ አካባቢ በትሮንድሄይም በአያቶቿ ቤት የኒያልን ሳጋ አግኝታ አንብባለች፤ በኋላ ስትናገር ያ መጽሐፍ የሕይወቷ መታጠፊያ እንደነበረ ትመሰክራለች። እነዚያ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ተራኪዎች የሰውን ልብ አይተነትኑም፤ ያደረገውን ይነግሩንና ዝም ይላሉ። አንድ ሰው በችኮላ የተናገራት ቃል ከሃያ ዓመት በኋላ ቤት ሙሉ ሰው ስታቃጥል ያሳያሉ። የኡንሴት ልብ ወለድ የቆመው በዚህ አጥንት ላይ ነው።

አባት ሲሞት ቤቱ ደኸየ፤ እናቷ ሦስት ሴት ልጆች ይዛ ቀረች። ራግና ኒልሰን የምትባል ተራማጅ የትምህርት ቤት ባለቤት ልጆቹን ያለ ክፍያ ልታስተምር ቃል ገባች። ሲግሪድ ግን የዩኒቨርሲቲውን መንገድ አልፈለገችም። የንግድ ትምህርት አንድ ዓመት ተማረችና በአሥራ ስድስት ዓመቷ በአንድ የጀርመን የኤሌክትሪክ ኩባንያ የክሪስቲያኒያ ቢሮ ጸሐፊ ሆነች። እዚያ አሥር ዓመት ቆየች። ሥራውን አልወደደችውም፤ ደመወዙ ግን እናቷንና እህቶቿን ይደግፍ ነበር። ከሥራ ስትመለስ ማታ ታነባለች፣ ትጽፋለች።

የመጀመሪያ ረቂቋ በመካከለኛው ዘመን ዴንማርክ ላይ የተመሠረተ ታሪክ ነበር። በ1905 ወደ ኮፐንሃገን ይዛው ሄደች፤ የጊልደንዳል ማተሚያ ቤት ግን አልተቀበለውም። የታሪክ ልብ ወለድ አይሆንልሽም፣ የዘመኑን ኑሮ ሞክሪ ተባለች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። ምክሩን ሰማች፤ በ1907 «ወይዘሮ ማርታ ኡሊ» የተባለችውን አጭር ልብ ወለድ በኖርዌይ አሳተመች። መጽሐፏ የምትጀምረው አንዲት ባለትዳር ባሏን እንደከዳች በራሷ አንደበት በመናዘዝ ነው። የከዳችው ከባሏ የንግድ ሸሪክ ጋር ነው፤ ባልየው ደግሞ በሳንባ ነቀርሳ እየሞተ ነው። ከተማው ተንጫጫ። ወጣቷ የቢሮ ጸሐፊ በአንድ ጊዜ ስሟ ታወቀ።

ያቺ ትንሽ መጽሐፍ ገና ከመነሻው የኡንሴትን ሚዛን ታሳያለች። ማርታ ክፉ ሴት አይደለችም። ባሏም ጨቋኝ አይደለም፤ መልካም ሰው ነው፣ ችግሩም ይኸው ነው። በዘመኑ የነበሩ ደራስያን የትዳርን ቀንበር የምትሰብር ሴት ሲስሉ አብዛኛውን ጊዜ በሯን ዘግታ ስትወጣ መጋረጃው ይወርዳል። ኡንሴት መጋረጃውን አታወርድም። ከበሩ ወዲያ ያለውን ሃያ ዓመት ትከተላለች፤ ከበሩ ወዲህ የቀሩትንም አትረሳም።

በ1909 የጉዞ ድጎማ አግኝታ ቢሮውን ለቀቀች። ወደ ሮም ሄደች። እዚያ አንደርስ ካስቱስ ስቫርስታድ ከሚባል ኖርዌጂያዊ ሠዓሊ ጋር ተገናኘች። በአሥራ ሦስት ዓመት ይበልጣታል፤ ሚስትና ሦስት ልጆችም አሉት። ተዋደዱ። እሱ ፍቺውን እስኪጨርስ ጊዜ ወሰደ፤ በ1912 አንትወርፕ ከተማ ውስጥ ተጋቡ። በመካከሉ በ1911 «የኒ» የተባለው ልብ ወለዷ ወጣ። የኒ በሮም የምትኖር ሠዓሊ ናት፤ ታላቅ ፍቅር ስትጠብቅ ቆይታ ለማታፈቅረው ወጣት ትታጫለች፣ ቀጥሎ የዚያው ወጣት አባት ወዳጅ ትሆናለች፣ የወለደችው ሕፃን ይሞታል፣ በመጨረሻም ራሷን ታጠፋለች። መጽሐፉ ነውር ነው ተብሎ ተወገዘ፤ ተነበበም።

የመጀመሪያ ልጇ አንደርስ በ1913 በሮም ተወለደ። ሁለተኛዋ፣ ማረን ሻርሎተ፣ በ1915 ተወለደች። የሚጥል በሽታ ነበረባት፤ አእምሮዋም እንደ እኩዮቿ አላደገም። ያኔ ባሏ ከቀድሞ ሚስቱ የወለዳቸው ልጆችም በየጊዜው ከእነሱ ጋር ይኖሩ ነበር፤ ኡንሴት ለእነሱም ታበስላለች፣ ትሰፋለች፣ ማታ ማታ ትጽፋለች። ትዳሩ በዚህ ክብደት ውስጥ ተሰነጠቀ። በ1919 ሦስተኛ ልጇን ነፍሰ ጡር ሆና ልጆቿን ይዛ ወደ ሊልሃመር ሄደች፤ ሃንስ የተወለደው በዚያው ዓመት ነው። ስቫርስታድ ተከትሏት አልመጣም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ኡንሴት በዓመቱ ያሳተመችው ታሪክ የዚህ ሕይወት ቅጂ አይደለም፣ ነገር ግን አጥንቱ አንድ ነው። ክሪስቲን የምትወደው ኤርለንድ ኒኩላውሰን መልከ መልካም፣ ደፋር፣ ልጅ የሚመስል ሰው ነው። ከሰው ሚስት ጋር በመኖሩ ከቤተ ክርስቲያን ተወግዞ የነበረ፣ ከእሷም ሁለት ልጆች ያሉት ነው። ክሪስቲን እነዚያን ሁለት ልጆች በቤቷ ታሳድጋለች። በአንድ ሰው ፍቅር ምክንያት የተገፋች ሌላ ሴት መኖሯን፣ የእንጀራ ልጅ ዐይን በገበታ ዙሪያ እንዴት እንደሚመለከት፣ ኡንሴት ከቤቷ ታውቀው ነበር። ራሷን ለማጽደቅ አልጻፈችውም። ራሷን ለመቅጣትም አልጻፈችውም። ሒሳቡን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ለመቁጠር ነው የጻፈችው።

ከሦስቱ ቅጾች ውስጥ የመጀመሪያው «የአበባ ጉንጉን» የሚዘጋበት ምዕራፍ ለእኔ ከዓለም ልብ ወለዶች ምርጥ ገጾች አንዱ ነው። የክሪስቲን ሠርግ ነው። አባቷ ላቭራንስ፣ በአካባቢው ሁሉ የተከበረ፣ ልጁን ከሁሉ አብልጦ የሚወድ ሰው፣ ሙሽሮቹን ወደ መኝታ ቤት ሲያደርስ ልጁ ቀድማ የኤርለንድ እንደነበረች ይገባዋል። የተሰበረው አባት ከሚስቱ ከራንግፍሪድ ጋር ለብቻቸው ሲቀሩ፣ ሁልጊዜ ዝምተኛና ጨለምተኛ የሆነችው ሚስቱ በሃዘኑ ላይ የራሷን ምስጢር ትጨምርበታለች፤ እሷም ለእሱ ስትዳር ድንግል አልነበረችም። ዕድሜ ልኳን ያንን ተሸክማ ኖራለች። የልጅቷ ሠርግ ታሪክ በአንድ ሌሊት የወላጆቿ ትዳር ታሪክ ይሆናል። ወጣቶቹ በፍቅራቸው ሰክረው ተኝተዋል፤ ከበላያቸው ባለው ዝምታ ውስጥ ሁለት ሽማግሌዎች ይከፍላሉ።

ቀሪዎቹ ሁለት ቅጾች፣ «እመቤት» እና «መስቀል»፣ ይህንኑ ክፍያ ይከተላሉ። ክሪስቲን ወንዶች ልጆች በላይ በላይ ትወልዳለች፣ የተበላሸ ርስት ታቀናለች። ኤርለንድ በንጉሥ ማግኑስ ላይ በተዶለተ ሴራ ገብቶ ይያዛል፤ ምስጢሩ የወጣው በሌላ ሴት ቤት በጣላቸው ደብዳቤዎች ነው። ሕይወቱን ለማትረፍ የሚሯሯጠው ማን እንደሆነ አንባቢ ሲያውቅ ይገረማል፦ ክሪስቲን የተወችው እጮኛዋ ሲሞን ነው። ኤርለንድ ሞቱ ቢቀርለትም ርስቱን ያጣል፤ ቤተሰቡም ወደ ክሪስቲን ትውልድ ቦታ፣ ወደ ጉድብራንድስዳል ሸለቆ ይመለሳል። ባልና ሚስቱ እስከ መጨረሻው ይዋደዳሉ፣ እስከ መጨረሻውም ቂም ይቆጥራሉ። ክሪስቲን የሠራችውን ኃጢአት ለእግዚአብሔር ተናዝዛለች፤ ለባሏ ግን ይቅር ማለት ያቅታታል። ጥፋቱን እያስታወሰች ታቆስለዋለች። ይህን ያህል እውነተኛ ትዳር በመጻሕፍት ውስጥ ብዙ አልገጠመኝም።

የሚያስደንቀው ሌላ ነገር የዘመኑ ዕቃና ሕግ ሁሉ በእጇ መሆኑ ነው። ኡንሴት የድሮ የኖርዌይ ሕጎችን፣ ደብዳቤዎችንና ሳጋዎችን ለዓመታት አጥንታለች። ስለ ማጨት ውል፣ ስለ ጥሎሽ፣ ስለ ደም ካሳ፣ ስለ እህል አቀማመጥ፣ ስለ ጾም ቀኖች ስትጽፍ አስተማሪ አትሆንም፤ ሰዎቹ በዚያ ውስጥ ስለሚተነፍሱ አንባቢም ይተነፍሳል። ስለት፣ ንስሐ፣ የነፍስ አባት፣ በእግር ሄዶ መሳለም ምን እንደሆነ ለሚያውቅ የእኛ አንባቢ ደግሞ ብዙው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ለዘመኗ ኖርዌጂያውያን ግን ይህ ሁሉ እንግዳ ነበር። አገሪቱ በ1537 ሉተራዊ ሆናለች። ከ1814 በፊት ለአራት መቶ ዓመት ከዴንማርክ፣ ከዚያ እስከ 1905 ከስዊድን ጋር ተጣምራ ኖራለች። ኡንሴት ወደ 14ኛው ክፍለ ዘመን ስትመለስ የራሷን ንጉሥ ወደነበራት፣ ካቶሊክ ወደነበረችው ኖርዌይ መመለሷ ነበር።

መጽሐፉን የጻፈች እጅም በመጨረሻ ተከተለችው። ወላጆቿ ለሃይማኖት ደንታ ያልነበራቸው ኡንሴት ኖቬምበር 1 ቀን 1924 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አባል ሆነች። ካቶሊኮች እጅግ ጥቂት በነበሩበት፣ ኢየሱሳውያን መነኮሳት እንዳይገቡ የከለከለው የሕገ መንግሥት አንቀጽ እስከ 1956 ባልተነሳበት አገር ይህ ትልቅ ቅሌት ሆነ። ዋጋም ነበረው። የስቫርስታድ የመጀመሪያ ሚስት በሕይወት ስለነበረች በቤተ ክርስቲያኗ ዐይን የኡንሴት ትዳር ትዳር አልነበረም፤ ፈረሰ። በልብ ወለዶቿ ለሌሎች ያወጣችውን ሕግ በራሷ ላይ ተቀበለችው።

ከሴቶች መብት ንቅናቄ ጋር የነበራት ጠብም ሳይነገር መታለፍ የለበትም። በ1919 ባወጣችው የመጣጥፍ ስብስብ የዘመኑን የሴቶች ንቅናቄ በብርቱ ተችታለች፤ የሴት ታላቁ ጥሪ እናትነት ነው ስትል ተከራክራለች። ይህን የጻፈችው ከአሥራ ስድስት ዓመቷ ጀምሮ ደመወዝ ያገኘች፣ ቤቷን በብዕሯ የምትመራ ሴት ናት። መጣጥፎቿ ጠባብ ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ የራሷ ሕይወት ይሞግታቸዋል። ልብ ወለዶቿ ግን ከመጣጥፎቿ ይሰፋሉ። ስለ ሴት ሥጋ፣ ስለ ምጥ፣ ስለ ጡት ማጥባት፣ በድካም ስለ መናደድ እንደ እሷ በግልጽ የጻፈ ከእሷ በፊት አላውቅም።

የኖቤሉ ገንዘብ በእጇ አልቆየም። የአእምሮ ችግር ያለባቸውን ልጆች በቤታቸው ለሚያሳድጉ ወላጆች በልጇ በማረን ሻርሎተ ስም ድጎማ አቋቋመችበት፤ የቀረውን ለደራስያን ማኅበርና ለካቶሊክ ሕፃናት ትምህርት አከፋፈለችው። ልጇ እስክትሞት ድረስ በእናቷ ቤት፣ ቢየርከቤክ በሚባለው በአሮጌ የግንድ ቤቶች በተሠራው ግቢ ኖረች። በ1939 ማረን ሻርሎተም፣ የኡንሴት እናትም ሞቱ።

ቀጥሎ ጦርነት መጣ። ኡንሴት ሂትለርን ገና ከጅምሩ በግልጽ ስታወግዝ ስለቆየች መጻሕፍቷ በጀርመን ታግደው ነበር። በ1939 መጨረሻ ሶቭየት ኅብረት ፊንላንድን ስትወጋ ሦስት የፊንላንድ ሕፃናትን በቤቷ ተቀበለች፤ በጃንዋሪ 1940 የኖቤል ሜዳሊያዋን ለፊንላንድ መርጃ ሰጠች። የ1920 ተሸላሚ የሆነው የአገሯ ልጅ ክኑት ሃምሱን ደግሞ በ1943 የእሱን ሜዳሊያ ለሂትለር የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር ለጎብልስ በስጦታ ላከለት። የሁለት ታላላቅ ደራስያን ልዩነት በእነዚህ ሁለት ሜዳሊያዎች ጉዞ ላይ ተጽፏል።

ኤፕሪል 9 ቀን 1940 ጀርመን ኖርዌይን ወረረች። የምትፈለግ ሰው ስለነበረች ኡንሴት ወደ ሰሜን ሸሸች፤ በመጨረሻም በረዶውን አቋርጣ ስዊድን ገባች። የበኩር ልጇ አንደርስ፣ ምክትል መቶ አለቃ፣ ኤፕሪል 27 ቀን ከቤቷ ብዙም በማይርቅ የጋውስዳል ሸለቆ በአንድ ድልድይ አጠገብ ሲዋጋ ተገደለ። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር። ከታናሹ ልጇ ከሃንስ ጋር በሶቭየት ኅብረት በኩል፣ በሳይቤሪያ ባቡር፣ ከዚያም በጃፓን አድርጋ አሜሪካ ደረሰች። በኒውዮርክ ብሩክሊን ተቀምጣ ስለ ኖርዌይ ነፃነት ጻፈች፣ ንግግር አደረገች። ቢየርከቤክን ያኔ የጀርመን መኮንኖች ይኖሩበት ነበር።

ሐዘኗ አንድ ነገር አበላሽቷል ብዬ እገምታለሁ። በ1945 ስለ ጀርመኖች ዳግም ትምህርት በጻፈችው መጣጥፍ ጥፋቱን በመላው ሕዝብ ጠባይ ላይ አሳረፈች። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካርል ያስፐርስ መለሰላት፤ በደል በየሰዉ የሚመረመር እንጂ በጅምላ የሚታደል አይደለም የሚል ነበር ፍሬ ነገሩ። ያስፐርስ ልክ ነበር። የገረመኝ ግን መልሱን የምትሰጠው የቀድሞዋ ኡንሴት መሆኗ ነው፤ ኤርለንድን፣ ራንግፍሪድን፣ ክሪስቲንን እያንዳንዳቸውን በራሳቸው ሚዛን የመዘነች ሴት። ልጇን የቀበረች እናት ያንን ሚዛን ለጊዜው ብታስቀምጠው አልፈርድባትም፤ ልክ ነበረች ግን አልልም።

በ1945 ወደ አገሯ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ አዲስ ልብ ወለድ አላወጣችም፤ የሲየናዋን ቅድስት ካትሪን ሕይወት ጻፈች፣ መጽሐፉም ከሞተች በኋላ ታተመ። በ1947 መንግሥቷ የቅዱስ ኦላቭን ታላቅ የመስቀል ኒሻን ሸለማት። ጁን 10 ቀን 1949 በስልሳ ሰባት ዓመቷ ሞተች። በሜስናሊ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ከሁለቱ ልጆቿ ጋር ተቀበረች። በኋላ መልኳ በኖርዌይ የ500 ክሮነር ኖት ላይ ታተመ፤ ቤቷም ከ2007 ጀምሮ ሙዚየም ነው።

ስለ ክሪስቲን መጨረሻ አንድ ነገር ልጨምር። በ1349 ጥቁሩ ሞት የተባለው ወረርሽኝ ኖርዌይ ገባ። ክሪስቲን ባሏ ከሞተ በኋላ ገዳም ገብታለች። በፍርሃት የታወሩ ሰዎች ወረርሽኙን ለማብረድ የአንዲት ድሃ እናት ወንድ ልጅ ከነሕይወቱ ሊቀብሩ ሲሉ ትደርስና ታስጥለዋለች፤ የእናቱንም በድን ከጎጆ አውጥታ ለቀብር ታበቃለች። በሽታው ይይዛታል። በመሞቻ አልጋዋ ላይ የጋብቻ ቀለበቷን አውልቃ ለዚያች ለማታውቃት ድሃ ነፍስ ቅዳሴ እንዲቀደስበት ትሰጣለች። አክሊሉን ስትሰጥ የራሷን ዕዳ ከፍላ ነበር፤ ቀለበቱን ስትሰጥ ግን የሌላ ሰው ነው የከፈለችው።

ይህን መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ማንበብ የምትችሉ ቲና ናናሊ ከ1997 ጀምሮ ያወጣችውን ትርጉም ያዙ። የ1920ዎቹ የቻርልስ አርቸር ትርጉም በአሮጌ አነጋገር የተሸፈነ፣ አንዳንድ ክፍሉም የተቆረጠ ነው፤ ኡንሴት የጻፈችው ግን ግልጽና ቀጥተኛ ነው። መጀመሪያ መቶ ገጾች ላይ ስሞቹ ቢበዙባችሁ አትተዉት፤ እስከ ሠርጉ ሌሊት ድረስ ታገሡ።